ጢስ መውጫ አያጣም

የሰው ልጅ ብርድን በእሳት መከላከል ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ ከእሳቱ ጋራ ጢሱንም ለመቀበል ተገድዷል። አባቶቻችን «ጢስ መውጫ አያጣም» ሲሉ የተናገሩት ምሳሌ ለተጨነቀ ሰው ተስፋን የሚሰጥ መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ምሳሌው ጢሱ ከቤት ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድና በማን ላይ እንደሚያርፍ አይናገርም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ታሪክ የተነሣው ከዚሁ ካልተነገረው ነገር ነው። ይኸውም ሰው ቤቱን ሲያሞቅና ሲያቀዘቅዝ ከደጃፉ ውጭ የጣለው ነገር ማንን ጎዳ፤ ጉዳቱስ በምን ዘዴ ሊቀንስ ቻለ የሚለው ነው። ለዚህም ስለ ጢስዋ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የሚዘልቅ የጽሑፍ ማስረጃ ያላትን የሎንዶንን ከተማ ዋነኛ ምሳሌ እናደርጋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የባሕር ከሰል

ሎንዶን በመካከለኛው ዘመን ቤቶችዋን የምታሞቀው በእንጨትና በእንጨት ከሰል ነበር። ከሰሜን እንግሊዝ በመርከብ እየተጫነ የሚመጣው የድንጋይ ከሰል፣ በባሕር ስለ ተጓጓዘ፣ «የባሕር ከሰል» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ይህን ከሰል በመጀመሪያ በብዛት የያዙት ኖራ አቃጣዮችና አንጥረኞች ናቸው እንጂ ባለቤቶች በምድጃቸው አልነበረም። የጢሱ ጥቍረትና ክርፋት ሕዝቡን ስላስመረረው፣ በ1285 ነገሩን የሚመረምሩ ሰዎች ተሾሙ፤ በ1307ም ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ በከተማይቱ አጠገብ በሳውዝዋርክ ኖራ የሚያቃጥሉ ሰዎች በባሕር ከሰል እንዳይጠቀሙ፣ እንደ ቀድሞው በጭራሮና በእንጨት ከሰል ብቻ እንዲሠሩ በዐዋጅ ከለከለ።

ዐዋጁ ግን ለዘለቄታው ሊጸና አልቻለም። ንጉሡ ከሰሉን ለመከልከል ሥልጣን ነበረው፤ እንጨቱን ለማርከስ ግን ሥልጣን አልነበረውም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሎንዶን ሕዝብ እየበዛ ሄዶ በ1600 ገደማ ሁለት መቶ ሺህ ያህል በደረሰ ጊዜ፣ በዙሪያዋ ያለው ደን ስለ ራቀና የማገዶ ዋጋ ስለ ናረ፣ ድኻውም ሀብታሙም ወደ ባሕር ከሰል ዘወር አለ።

የከሰል ጢስ እንደ እንጨት ጢስ በጣራ ቀዳዳ እየተንሸራሸረ እስኪወጣ የሚታገሡት አይደለም፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጕሮሮ ይዘጋል። ስለዚህ በየቤቱ ከግድግዳው ጋራ የተሠራ የጢስ ማውጫ አስፈለገ። ዊልያም ሃሪሰን የተባለው ጸሓፊ በ1577 ባሳተመው የእንግሊዝ አገር መግለጫ፣ ሽማግሌዎች በዘመናቸው ካዩት ታላላቅ ለውጥ አንዱ የጢስ ማውጫዎች መብዛት እንደ ሆነ መመስከራቸውን ጽፎአል።

በእውነቱ የጢስ ማውጫ ለቤተ ሰቡ ታላቅ በረከት ነበረ። ከዚያ በፊት እሳት ያነደደ ሰው የእሳቱን ሙቀትም የጢሱንም መዘዝ አብሮ ይቀበል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሙቀቱ ለባለቤቱ፣ ጢሱ ለመንገዱ ሆነ። የአንዱ ቤት ጢስ በሰፊው ሰማይ ላይ ምንም አይደለም፤ ሁለት መቶ ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ ጢስ ግን ራሱ ሰማይ ይሆናል።

በቤት ደጃፍ የቆመ ሕግ

በ1661 ጆን ኤቭሊን የተባለ ሊቅ «ፉሚፉጂየም» የተሰኘውን መጽሐፉን ለንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ አቀረበ። በዚህም መጽሐፍ የሎንዶን አየር ሳንባን እንደሚያበላሽ፣ ሕንጻዎችን እንደሚያጠቍር፣ አትክልትንም እንደሚያመነምን አስረድቶ፣ ጠማቂዎች፣ ማቅለሚያ ቤቶች፣ ሳሙና አፍሊዎችና ኖራ አቃጣዮች ከከተማው ርቀው እንዲሰፍሩ፣ በከተማይቱም ዙሪያ መልካም መዓዛ ያላቸው ዛፎችና አበባዎች እንዲተከሉ መከረ። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበረ። ይሁን እንጂ ይህ አስተዋይ ሰው እንኳ በየቤቱ የሚነደውን የማብሰያ እሳት ደካማና በቀላሉ የሚበተን ነው በማለት ከተጠያቂነት ነፃ አውጥቶታል።

ቤት መደፈር እንደሌለበት እንግሊዞች እጅግ ያምኑ ነበር። በ1662 መንግሥት በእያንዳንዱ ምድጃ ላይ በዓመት ሁለት ሽልንግ ግብር በጣለ ጊዜ፣ ቈጣሪዎቹ ምድጃ ለመቍጠር ወደ ሰው ቤት ስለሚገቡ ሕዝቡ አምርሮ ጠላቸው፤ ግብሩም በ1689 ተሻረ። ይኸው ስሜት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በወጡት ሕጎች ውስጥ ጐልቶ ይታያል። በ1853 ስለ ሎንዶን ጢስ የወጣው ሕግ የፋብሪካዎችንና የእንፋሎት ጀልባዎችን እቶን ይመለከት ነበር እንጂ የቤት ምድጃን አይነካም ነበር። በ1891 የወጣውም የሎንዶን ጤና ጥበቃ ሕግ የግል መኖሪያ ቤቶችን የጢስ ማውጫ ከክልከላው ለይቶ አስቀርቶአል። ሕጉ እስከ ቤቱ ደጃፍ ይመጣና ከዚያ ይመለስ ነበር።

ማስጠንቀቂያው ግን አልታጣም። በዲሴምበር 1873 በኢዝሊንግተን የከብት ትርኢት ተከፍቶ ሳለ ከተማዋን የጋረደው ጭጋግ የደለቡ ሰንጋዎችን ትንፋሽ አሳጥቶ ገደለ። በ1905 ዴ ቩ የተባለው ሐኪም ጢስን የሚሉበትንና ጭጋግን የሚሉበትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አጋጥሞ «ስሞግ» የሚለውን ቃል ለሕዝብ አሰማ። ቃሉ በጋዜጦች ዘንድ ተወደደ፤ ምድጃውም እንደ ቀድሞው ይነድ ነበር።

አምስቱ ቀናት

በ1952 መጨረሻ እንግሊዝ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዕዳ ገና አልተላቀቀችም ነበር። ደኅና ደኅናው ከሰል የውጭ ገንዘብ እንዲያስገኝ ወደ ሌላ አገር ሲሸጥ፣ ለሕዝቡ በራሽን ይታደል ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን «ናቲ ስላክ» የተባለው፣ ትቢያና ስብርባሪ የበዛበት ተራ ከሰል ከራሽን ነፃ ሆነ። ርካሽ ስለ ነበረና ብርዱም ስለ ጠና ሕዝቡ በደስታ ገዛው።

ዲሴምበር 5 ቀን ዓርብ ዕለት ነፋሱ ቆመ። በተለመደው ጊዜ በምድር አጠገብ ያለው አየር ሞቅ ብሎ ወደ ላይ ሲነሣ ጢሱንም ይዞት ይሄዳል። በእነዚያ ቀናት ግን ሞቃቱ አየር ከላይ ሆኖ፣ አክንባሎ በምጣድ ላይ እንደሚደፋ፣ በቀዝቃዛው የከተማ አየር ላይ ስለ ተደፋበት ጢሱ የሚወጣበት አጣ። በየቀኑ አንድ ሺህ ቶን ያህል ጥላሸትና 370 ቶን ያህል የድኝ ጋዝ ከከተማይቱ ጢስ ማውጫዎች ይወጣ ነበር፤ ጋዙም ከጭጋጉ እርጥበት ጋራ እየተዋሐደ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጥ ጀመር። ጭጋጉ ፀሐይን ስለ ጋረደ ብርዱ ባሰ፤ ብርዱ ስለ ባሰ ሰዉ ምድጃውን አብዝቶ አነደደ፤ ምድጃው ስለ ነደደ ጭጋጉ ወፈረ። እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ቤት ራሱን ሲያሞቅ ጎረቤቱን ያፍን ነበር።

አውቶቡሶች ቆሙ። ሰው የገዛ እግሩን ማየት ተሳነው። ዲሴምበር 8 ቀን በሳድለርስ ዌልስ የቴያትር አዳራሽ ይታይ የነበረው ኦፔራ፣ ጭጋጉ ወደ ውስጥ ገብቶ መድረኩን ስለ ሸፈነው ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ተቋረጠ። በዚህም ጊዜ እንደ 1873ቱ ሁሉ ከሞት መጀመሪያ ከተገኙት መካከል ለትርኢት የመጡ ከብቶች ነበሩ። የሰዎቹ ሞት ግን በጸጥታ ያለፈ ነበር። አብዛኞቹ አረጋውያን፣ ሕፃናትና የሳንባ በሽተኞች ስለ ነበሩ በየአልጋቸው ሞቱ፤ የአደጋው ስፋት የታወቀውም የሬሳ ሣጥን ሠሪዎች ሣጥን፣ አበባ ሻጮችም አበባ ባነሳቸው ጊዜ ነው። ዲሴምበር 9 ቀን ነፋስ መጥቶ ጭጋጉን ገፈፈው። በመጀመሪያው ግምት መሠረት አራት ሺህ ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ተነገረ። በቀጣዮቹ ሳምንታት የሞቱትን መንግሥት በኢንፍሉዌንዛ አመካኝቶ ነበር፤ በ2001 የታተመ የሊቃውንት ጥናት ግን የሟቾቹን ቍጥር ወደ አሥራ ሁለት ሺህ ያህል አድርሶታል።

ከክልከላ ይልቅ ምትክ

በ1953 ሂዩ ቢቨር በተባሉ መሐንዲስ ሊቀ መንበርነት አንድ የመርማሪዎች ጉባኤ ተቋቋመ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የመጨረሻ ሪፖርቱን አቀረበ። ኤቭሊን በ1661 ነፃ ያወጣው የቤት ምድጃ በዚህ ሪፖርት ተከሶ ቆመ። የቤት ምድጃ ከአገሪቱ ከሰል የሚያቃጥለው ጥቂቱን ክፍል ሲሆን፣ ከጢሱ ግን ግማሽ ያህሉን የሚያወጣ መሆኑ ተገለጠ። ከሰል በታላቅ እቶን ውስጥ በበቂ አየር ሲነድ ጢሱም ራሱ ይቃጠላል፤ ፊት ለፊቱ በተከፈተ የቤት ምድጃ ላይ ግን ለብ ባለ እሳት ስለሚጨስ ሳይቃጠል የቀረው ጥላሸት ሆኖ ይበተናል።

ከዚህ የተነሣ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ታወጀ። ይህ ሕግ ከኤድዋርድ ዐዋጅ የሚለይበት ነገር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በመጀመሪያ፣ ሕጉ ወደ ቤት ገባ፤ የየአውራጃው አስተዳደር ጢስ የማይፈቀድበትን ክልል ለመወሰን ሥልጣን ተሰጠው። ሁለተኛ፣ ምትክ የሚሆን ነገር ተዘጋጅቶ ነበር፤ ይኸውም ኮክ የተባለው ጢሱ ተለይቶ የወጣለት ከሰል፣ ጋዝና ኤሌክትሪክ ነው። ሦስተኛም፣ የድኻው ሰው አቅም ታሰበ፤ አሮጌ ምድጃውን ለሚቀይር ባለቤት ከወጪው ከአሥር እጅ ሰባቱ ከሕዝብ ገንዘብ እንዲተካለት ተደነገገ። የጋራ የሆነውን አየር ለማንጻት ወጪው የጋራ እንዲሆን የወሰነው ይህ አንቀጽ ከጠቅላላው ሕግ እጅግ አስተዋይ የሆነው ክፍል ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

ለውጡ በአንድ ሌሊት አልመጣም። በ1962 ዲሴምበር ሌላ ክፉ ጭጋግ መጥቶ እንደ ገና በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎችን ገደለ። ነገር ግን የሟቾቹ ቍጥር ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው እጅግ ያነሰ ነበረ። በ1965 በሰሜን ባሕር ወለል ሥር የተፈጥሮ ጋዝ ከተገኘ በኋላም የእንግሊዝ ቤቶች ከሰልን ቀስ በቀስ ትተው በጋዝ መሞቅ ጀመሩ፤ ያ የሚወፍረው ጭጋግም በዕድሜ የገፉ ሰዎች ትዝታ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ታሪኩ በደስታ የተፈጸመ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ጋዝም ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያወጣል። ይህ አየር ቀለም የለውም፣ አያስነጥስም፣ ልብስም አያጠቍርም፤ ግን በሰማይ ተጠራቅሞ የምድርን ሙቀት እንዳያልፍ ያግደዋል። ሎንዶን የሚታየውን ጢስ አሸነፈች፤ የማይታየው ግን ቀረ።

የማቀዝቀዣው ታሪክ

ስለማይታየው ጢስ ከተነሣ፣ ከማሞቂያው ታሪክ ወደ ማቀዝቀዣው ታሪክ ማለፍ የግድ ነው። በቈላ አገርና በበጋ ወራት ሰውን የሚያስጨንቀው ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነውና። እንደ ባሕር ከሰል ሁሉ የአየር ማቀዝቀዣም በመጀመሪያ የተሠራው ለሰው ምቾት አይደለም። በ1902 ዊሊስ ካሪየር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት የነደፈው፣ እርጥበት ወረቀቱን እያኰማተረ ቀለሙን ስላዛባበት ነበር። ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

የማቀዝቀዣ መሣሪያ የሚሠራው አንድን ፈሳሽ በቤት ውስጥ አትንኖ ሙቀትን እንዲጠጣ በማድረግና በውጭ በኩል ደግሞ በመጭመቅ ሙቀቱን እንዲተፋ በማስገደድ ነው። እስከ 1920ዎቹ ድረስ ለዚህ አገልግሎት የዋሉት አሞኒያ፣ የድኝ ጋዝና ሜቲል ክሎራይድ መርዛሞች ስለ ነበሩ፣ ከመሣሪያው በሾለኩ ጊዜ በቤት የተኛውን ሰው ይገድሉ ነበር። በ1928 ቶማስ ሚጅሊ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስና ባልንጀሮቹ ክሎሪን፣ ፍሎሪንና ካርቦን ያሉበትን፣ ኋላ «ፍሬዎን» የተባለውን ቅመም አገኙ። በ1930 ሚጅሊ በአሜሪካ ኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ቆሞ ይህን ጋዝ ወደ ሳንባው ከሳበ በኋላ በትንፋሹ የሻማ መብራት አጠፋ። በዚህም መርዝ አለመሆኑንና እሳት አለመያዙን በአንድ ትንፋሽ አረጋገጠ።

ሚጅሊ ያሳየው ሁሉ እውነት ነበር። ጋዙ በቤት ውስጥ ያለውን ሰው አይጎዳም። ከቤት ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ግን በዚያ አዳራሽ የጠየቀ አልነበረም። በ1974 ማርዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮውላንድ የተባሉ ሊቃውንት ይህ ጋዝ በዝናብ የማይታጠብ፣ በቶሎም የማይፈርስ ስለ ሆነ፣ ወደ ላይኛው ሰማይ ደርሶ በፀሐይ ጨረር እንደሚሰበርና ከውስጡ የሚወጣው ክሎሪን የኦዞንን ሽፋን እንደሚያፈርስ ጻፉ። ኦዞን ከፀሐይ የሚመጣውን ቆዳና ዓይን የሚጎዳ ጨረር የሚመክትልን ጥላ ነው። በ1985 ሦስት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች፣ ፋርማን፣ ጋርዲነርና ሻንክሊን፣ በአንታርክቲካ ላይ ይህ ጥላ በየጸደዩ እጅግ እየሳሳ መሄዱን በመለኪያ አረጋገጡ። በሞቃት አገር ቤት የቀዘቀዘው ምግብና ክፍል፣ ሰው በማይኖርበት በረዶ አገር ሰማዩን ቀደደ ማለት ነው።

የዓለም መንግሥታት በዚህ ጊዜ እንደ ሎንዶን ሰባት መቶ ዓመት አልቈዩም። በ1987 ሴፕቴምበር 16 ቀን የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። በ1990ም በዚያችው በሎንዶን በተደረገው ጉባኤ፣ ድኻ አገሮች ምትኩን ቅመምና አዲሱን መሣሪያ ያገኙ ዘንድ የሚረዳ የጋራ ገንዘብ እንዲቋቋም ተወሰነ። ሕጉ፣ ምትኩና የወጪው መጋራት በአንድነት ስለ ተገኙ ስምምነቱ ሠመረ። በ2023 የወጣው የሊቃውንት ግምገማ፣ ነገሩ አሁን በተያዘው መንገድ ከቀጠለ፣ በአብዛኛው ዓለም ላይ የኦዞን ሽፋን በ2040 ገደማ፣ በአንታርክቲካ ላይም በ2066 ገደማ በ1980 ወደ ነበረበት መጠን እንደሚመለስ ያመለክታል።

ይሁን እንጂ የተተካው ቅመም ራሱ ሌላ ምትክ የሚሻ ሆነ። ኦዞንን የማይነኩት አዳዲሶቹ ጋዞች ሙቀትን በመያዝ ረገድ፣ ክብደት በክብደት ሲመዘኑ፣ ብዙዎቹ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ ጊዜ በላይ የበረቱ ናቸው። ስለዚህ በ2016 በአፍሪካ ምድር፣ በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ፣ እነዚህም በየደረጃው እንዲቀነሱ ስምምነት ተደረገ። ከዚህም በላይ መሣሪያው የሚሠራበት ኤሌክትሪክ በብዙ አገር ከከሰልና ከጋዝ የሚመነጭ ስለ ሆነ፣ ሰው ከሙቀት ለመሸሽ የሚያነደው እሳት ሙቀቱን መልሶ ያመጣበታል።

የእኛ ምድጃ

ይህን ታሪክ የባዕድ ታሪክ ብቻ አድርጎ ማለፍ አይቻልም። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ወርደው በ1886 አዲስ አበባን ከቈረቈሩ በኋላ፣ የከተማው ምድጃ በዙሪያው የነበረውን ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በላው። ማገዶ ከሩቅ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ በ1900 ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፣ በዚያም ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማይቱን በስፍራዋ ያጸናት፣ በ1890ዎቹ ከውጭ አገር የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገውና ከተቈረጠ ጕቶው እንደ ገና የሚያቈጠቍጠው ባሕር ዛፍ ነው። ሰው እንጨት እንዳያነድ ከመከልከል ይልቅ የሚያነደው እንጨት እንዲተከል ተደረገ። ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ በሥሩ ሌላ ተክል አያስበቅልም የሚለው ነቀፌታ መሠረት እንዳለው አይካድም፤ ነገር ግን ማገዶ ለጠፋበት ባላገር ማገዶን ሳይሰጡ ደንን ጠብቅ ማለት ከንቱ እንደ ሆነ የዚያ ዘመን ሰዎች ተረድተውት ነበር።

ዛሬም በአገራችን የሚበዛው ቤት የሚያበስለውና የሚሞቀው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው በ2020 በመላው ዓለም ከቤት ውስጥ ጢስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። የሚበዙትም በምድጃ አጠገብ የሚውሉት እናቶችና በጀርባቸው ያዘሉአቸው ሕፃናት በሚገኙባቸው ድኻ አገሮች ነው። በብርድ ሌሊት በርና መስኮት ዘግቶ የከሰል ፍም አጠገብ የሚተኛ ሰውም፣ ሽታም ቀለምም በሌለው በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍኖ ሳይነቃ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ለእነዚህ ሰዎች ጢሱ ገና መውጫ አላገኘም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው። በምድጃው አጠገብ ያለ ሰው ጢስን የመረጠው ወድዶ አይደለም፤ ሌላ ስላላገኘ ነው። የኤድዋርድ ዐዋጅ የወደቀው ይህን ባለማወቅ፣ የ1956ቱ ሕግና የሞንትሪያል ስምምነት የጸኑትም ይህን በማወቅ ነው። በእንጦጦ ተራራ የእንጨት ሸክም ተሸክማ የምትወርደውን ሴት ጥፋተኛ ማድረግ ቀላል ነው። ጢስ የማያወጣ ምድጃ፣ ዋጋው የሚቻል ኤሌክትሪክ፣ ብርድና ሙቀትን በራሱ የሚመክት የቤት አሠራር በእጅዋ እስኪገባ ድረስ ግን ተግሣጽ ማገዶ አይሆናትም። ያንን የማዘጋጀት ወጪም፣ አየሩ የሁላችን እንደ ሆነ ሁሉ፣ የሁላችን ነው።